ሐኪሙ ስለ ሮቶዬ ለምን ጠየቀኝ?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። በየካቲት፣ ጠብ የሚል ዝናብ በሌለበት፣ የ19 ዓመት ልጄን ትኩሳት ያዘው፤ ብርድ ብርድ ይለዋል። ጤና ጣቢያ ከጣቱ ደም ወስደው በፈጣን መመርመሪያ «ወባ የለበትም» አሉን። በማግስቱም ስላልተሻለው ሌላ ክሊኒክ ወሰድኩት፤ በማይክሮስኮፕ ፋልሲፓረም ተገኘበትና ኮአርተም ጀመረ። የገረመኝ ሐኪሙ ነው። ከከተማ እንዳልወጣን ስንነግረው «ሮቶ አላችሁ? ክዳን አለው?» አለን። በሰፈራችን ረግረግ የለም፣ አጎበርም አለን። ሮቶን ከወባ ጋር ምን አገናኘው? ጎረቤቴ ደግሞ «ትንኟ ከህንድ የመጣች ናት» ይሉኛል።
አንዲት እናት

መልስ፦ ጎረቤትዎ ከእውነቱ አልራቁም። ትንኟ አኖፌለስ ስቴፈንሳይ ትባላለች፤ የቆየ አገሯ ደቡብ እስያና የዓረብ ልሳነ ምድር ነው። ጅቡቲ ውስጥ በ2012 እ.ኤ.አ. ታየች፤ በ2016 ደግሞ በአገራችን፣ ቀብሪደሃር ላይ ተገኘች። ጅቡቲ በ2012 የመዘገበችው የወባ ታማሚ 27 ብቻ ነበር፤ በ2020 ግን ከ73,000 በልጧል።

የለመድናት ትንኝ ዝናብ ባቆረው ኩሬ ስለምትራባ ወባችን ክረምቱ ሲወጣ ይበረታ ነበር። ይህቺኛዋ ግን ሰው ለራሱ ያጠራቀመውን ንጹሕ ውኃ ትወዳለች፦ ሮቶ፣ በርሜል፣ የግንባታ ቦታ ገንዳ። በጋው ምኗም አይደለም። በ2022 ድሬዳዋ ውስጥ ወባ በደረቅ ወቅት ሲነሣ፣ ተመራማሪዎች በታማሚዎቹ አካባቢ ያገኟት እሷን ነው።

እኔ ተማሪ ሳለሁ ትኩሳት ይዞት ለሚመጣ የከተማ ሰው የመጀመሪያ ጥያቄያችን «ሰሞኑን ከከተማ ወጥተሃል?» ነበር። «አልወጣሁም» ካለን ወባን ወደ ኋላ እንገፋት ነበር። ዛሬ በዚያ ጥያቄ ብቻ የሚመራ ሐኪም ይሳሳታል፤ የእርስዎ ሐኪም ስለ ሮቶ መጠየቁ ደስ ያሰኘኝም ለዚህ ነው።

በጤና ጣቢያው ግን አይፍረዱ። ብዙዎቹ ፈጣን መመርመሪያዎች የሚፈልጉት ፋልሲፓረም የሚያመነጨውን አንድ ፕሮቲን ነው፤ የዚያን ፕሮቲን ዘረመል የጣሉ የወባ ጥገኞች በአፍሪካ ቀንድ ተገኝተዋል። መመርመሪያው እነሱን አያያቸውም። ጥገኛው በደም ውስጥ ገና ጥቂት ሲሆንም ሊያመልጥ ይችላል። «የለም» ተብሎ ትኩሳቱ ካልለቀቀ፣ እንዳደረጉት ሳይውሉ ሳያድሩ በማይክሮስኮፕ ማስመርመር ነው።

አሁን ወደ ሮቶው። «ውኃ አታጠራቅሙ» የሚል ምክር የሚሰጠው ቧንቧው ሌት ተቀን የሚፈስለት ሰው ነው፤ ውኃ በፈረቃ ለሚመጣለት ሰው እንዲህ ማለት ቀልድ ነው። ያጠራቅሙ፣ ግን ይክደኑ። ክዳኑ ከተሰበረ በደቃቅ ወንፊት ወይም በሻሽ አጥብቀው ይሰሩት፤ የትርፍ ውኃ መውጫውንም አይርሱ። በርሜሉን በየሳምንቱ፣ ፈረቃው ሊደርስ ሲል፣ ጠርዙን ፈግፍገው ይጠቡት። እንቁላሏ አድጎ ትንኝ ሆኖ ለመብረር በሙቀት ጊዜ ከሳምንት እምብዛም አይዘልም። አጎበሩን አይተዉት፤ ሆኖም ምሽት ላይ ደጅም ትነክሳለችና በረንዳ ላይ የሚያመሽ ልጅ ረጅም እጅጌ ይልበስ።

ሳይጠይቁኝ አንድ ልጨምር። ያው በርሜል የደንጌ ትንኝንም ያሳድጋል፤ ድሬዳዋ በ2013 እ.ኤ.አ. ደንጌን አይታለች። ደንጌ ደም ሊያፈስ ስለሚችል፣ የትኩሳቱ ምክንያት ሳይለይ የዲክሎፌናክ መርፌም ሆነ አይቡፕሮፌን አይወሰድ፤ ፓራሲታሞል ይበቃል። «መርፌ ካልተወጋሁ አይሻለኝም» የሚለው ልማዳችን እዚህ ላይ አደገኛ ነው።

ልጅዎ ኮአርተሙን ቅባት ካለው ምግብ ጋር፣ በቀን ሁለት ጊዜ ለሦስት ቀን ይጨርስ፤ በሁለተኛው ቀን ቢሻለው እንኳ አያቋርጥ። ከሦስት ቀን በኋላ ትኩሳቱ ካለ፣ ወይም ከዚያ በፊት ካስመለሰው ወይም ከተዘባረቀበት ሐኪሙ ዘንድ ይመልሱት።

ለሐኪሙ ጥያቄ ምን ብለው እንደመለሱለት ግን አልጻፉልኝም። ክዳን አለው?