ጕድለት ያለበትን ዕቃ ስለ መሸጥና ስለ መመለስ

በብዙ ሱቅ ግድግዳ ላይ፥ በደረሰኝም ግርጌ፥ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ጽሕፈት ይነበባል። ቃሉ አጭርና ቍርጥ ስለ ሆነ ሕግ ይመስላል፤ ስለዚህም ብዙ ሰው በሳምንቱ ሶሉ የተገነጠለ ጫማ ወይም እንጀራ የማያበስል የኤሌክትሪክ ምጣድ ታቅፎ «ዕድሌ ነው» እያለ ይቀመጣል። ከምእመናንም መካከል ይህን ዝምታ ትዕግሥት ብለው የሚጠሩት አሉ፤ ዕቃውን ወደ ሻጩ መመለስ ክርክርን መውደድ፥ ገንዘብንም ማፍቀር ይመስላቸዋል። እኔ ግን እንዲህ አይመስለኝም። ሻጩ ራሱ ምጣዱን የገዛው ከጅምላ ነጋዴ ነውና ምናልባት ጕድለቱን አያውቅም፤ የመጀመሪያው ገዢ ዝም ቢል ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ለሌላ ድሀ ይሸጠዋል።

ደግሞም የግድግዳው ጽሕፈት ሕግ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቍጥር 2287 ሻጭ የሸጠው ዕቃ ከውሉ ጋር የሚስማማና ጕድለት የሌለበት ለመሆኑ ዋስ እንዲሆን ያዝዛል። ዕቃው ለተለመደው አገልግሎቱ የሚያስፈልገውን ጠባይ ያጣ እንደ ሆነ ጕድለት አለበት ይባላል። ሻጭና ገዢ ተስማምተው ይህን ዋስትና በውል ሊያጠብቡት ይችላሉ፤ ነገር ግን ሻጩ ጕድለቱን እያወቀ በተንኰል ሰውሮት እንደ ሆነ እንዲህ ያለው ውል አያድነውም። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 813 ደግሞ ጕድለት ያለበትን ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት ይጠይቅ ዘንድ መብት ሰጠው። እንግዲህ ያ ጽሕፈት በአግባቡ ሊከለክል የሚችለው ዕቃው ደኅና ሳለ ሐሳቡን የለወጠውን ገዢ ነው። ቀለሙን ጠልቼዋለሁ ብሎ የሚመለስ ሰው የሻጩን በጎ ፈቃድ ይለምናል፤ የተገነጠለ ጫማ ይዞ የሚመለስ ግን የሚጠይቀው የሚገባውን ነው።

ይኸው ሕግ ገዢውን ደግሞ ሥራ ፈት አድርጎ አልተወውም። ዕቃውን እንደ ተረከበ፥ ጊዜ ባገኘ ቍጥር ሳይሆን በመጀመሪያው ምቹ ጊዜ፥ ሊመረምረው ይገባዋል፤ ጕድለትም ቢያገኝ ሳይዘገይ ለሻጩ ያስታውቅ፤ ካስታወቀም በኋላ አንድ ዓመት ሳያልፍ መብቱን ይጠይቅ። ይህ ትክክል ነው። ስድስት ወር ሲሠራበት የቈየ ሰው መጥቶ «ከፋብሪካ የመጣ ብልሽት ነው» ቢል ማን ይለየዋል? ስልኩን ውኃ ውስጥ ጥሎ ሲያበቃ «ስገዛው እንዲህ ነበረ» የሚል ገዢም አለ፤ እንዲህ ያለው ሰው ከሌባ በምን ይለያል? ቅቤን ከሙዝ፥ በርበሬን ከሸክላ ዱቄት፥ ማርን ከስኳር እየቀላቀሉ በገበያ የሚሸጡትን እየረገመ፥ እርሱ ራሱ ውሸትን ከእውነት ቀላቅሎ ይሸጣል። ነቢዩ አሞጽ የገሠጻቸው ነጋዴዎች ሚዛን ከማሳሳት አልፈው ለምግብ የማይሆነውን የስንዴ ጥራጊ ለድሆች ይሸጡ ነበር፤ ነገሩ አዲስ አይደለም።

እስካሁን የተናገርነው ገንዘቡን ከፍሎ ስለ ገዛው ሰው ነው። ሌላው ገዝቶለት የተጎዳ ሰውስ ማንን ይጠይቃል? ይህ ጥያቄ በስኮትላንድ አገር በፔዝሊ ከተማ በተነሣ ነገር ተፈትኗል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1928 በነሐሴ ወር ሜይ ዶኖሁ የምትባል ሴት ከወዳጅዋ ጋር ወደ አንድ ቡና ቤት ገባች። ወዳጅዋ የዝንጅብል መጠጥ ገዛችላት፤ ጠርሙሱ ጥቍር ስለ ነበረ በውስጡ ያለው አይታይም። ሴቲቱ ከጠጣች በኋላ የቀረው ሲቀዳ የበሰበሰ ቀንድ አውጣ ወጣ፥ እርስዋም ታመመች ብላ ከሰሰች። ቡና ቤቱን እንዳትከስ የገዛችው እርስዋ አልነበረችም፤ ባለቤቱም የታሸገ ጠርሙስ ውስጥ ሊያይ አይችልም ነበር። ስለዚህ መጠጡን የሠራውን ዴቪድ ስቲቨንሰንን ከሰሰች። እርሱም «ከእርስዋ ጋር ምን ውል አለኝ?» የሚል መከራከሪያ ነበረው፤ የስኮትላንድም ይግባኝ ችሎት ለእርሱ ፈረደ።

ሴቲቱ ድሀ ስለ ነበረች የፍርድ ቤት ወጪ ሳትከፍል ነገርዋን እስከ እንግሊዝ የጌቶች ምክር ቤት አደረሰች። በግንቦት ወር 1932 ከአምስቱ ዳኞች ሦስቱ ሠሪው መጠጡን ለሚጠጣው ሁሉ ጥንቃቄ ማድረግ አለበት ብለው ፈረዱላት። ከሦስቱ አንዱ ጌታ አትኪን ፍርዱን ሲያብራራ፥ ባልንጀራው ማን እንደ ሆነ ጌታችንን የጠየቀውን የሕግ ዐዋቂ ጥያቄ አነሣ፤ በሕግ ፊት ባልንጀራዬ በሥራዬ በቅርብ ሊጎዳ የሚችለውና ሥራውን ስሠራ ላስበው የሚገባኝ ሰው ነው የሚል ትርጓሜም ሰጠው። ቀንድ አውጣው በእውነት በጠርሙሱ ውስጥ መኖሩ በማስረጃ አልተረጋገጠም፤ ስቲቨንሰን ምስክር ሳይሰማ ሞተና ነገሩ በዕርቅ አለቀ። ሆኖም ፍርዱ እስከ ዛሬ በብዙ አገር የሕግ ተማሪዎች የሚማሩት ሆነ።

በአገራችንም የፍትሐ ብሔር ሕግ በቍጥር 2085 ለትርፍ ዕቃ እየሠራ ለሕዝብ የሚያቀርብ ሰው፥ ዕቃው እንደ ተለመደው ሲሠራበት ሌላውን ቢጎዳ፥ ኀላፊ እንዲሆን ይናገራል፤ ጕዳት ያመጣው ጕድለት በተለመደው ምርመራ ሊታይ የሚችል እንደ ነበረ ግን ሠሪው ነጻ ይሆናል። ዘይቱን አሽጎ፥ ዱቄቱን ፈጭቶ የሚሸጥ ወንድም የሚበላውን ሕፃን ፊት አላየሁም ብሎ አያመልጥም።

ወዳጄ ሆይ፥ ዕቃ ለመመለስ የምትሄድ እንደ ሆነ ደረሰኝህን ያዝ፤ ደረሰኝ ሳትቀበል አትግዛ። ጕድለቱን ካወቅህ በኋላ በዕቃው አትሥራበት፤ መሥራትህ ወደ ፊት መከራከሪያ ይሆንብሃልና። ለሻጩ የሆነውን ብቻ ንገረው፥ አትጨምርበት፤ በሌላ ደንበኛም ፊት አታዋርደው። እንቢ ቢልህ ቀኑንና ጕድለቱን በወረቀት ጽፈህ ስጠው፤ አንዱን ግልባጭ ለራስህ አስቀርተህ፥ ከደረሰኙ ጋር አያይዘህ፥ 15ቱ ቀን ሳያልፍ ወደ ከተማህ የንግድ ቢሮ ሂድ።