ሥራው ቢለቀቅም ኮዱ አይለቅም
በእንግሊዝ ሁለት ቦታ ተቀጥሮ የሚሠራ ሰው ከግብር ነፃ የሆነው 12,570 ፓውንድ አብዛኛውን ጊዜ በአንደኛው ደመወዝ ላይ ብቻ ይታሰብለታል። ሌላው «ቢአር» በተባለው ኮድ ከመጀመሪያው ፓውንድ ጀምሮ 20 በመቶ ይቆረጥበታል። ችግሩ የሚመጣው ነፃው ገቢ የተያዘበት ሥራ ሲለቀቅ ነው። የቀረው ሥራ በ«ቢአር» ከቀጠለና ደመወዙ በዓመት ከ12,570 ፓውንድ ካላነሰ፣ በየወሩ ወደ 209 ፓውንድ ያላግባብ ይቆረጣል። ሁለት ሥራ ሲያሯሩጠው ለኖረ ሰው ቀላል ገንዘብ አይደለም።

አሠሪን መጨቅጨቅ አያዋጣም፤ ኮዱን የሚለውጠው የግብር መሥሪያ ቤቱ ነው። «ፒ45» የተባለውን የስንብት ወረቀት ይዞ ሥራው ማብቃቱን ማሳወቅ ያስፈልጋል። ኮዱ ወደ 1257ኤል ሲታረም ትርፉ ከቀጣዩ ደመወዝ ጋር ይመለሳል። ከጎኑ «ኤም1» ከተጻፈ ግን ወሩ ለብቻው ስለሚሰላ ያለፈው አይመለስም። የግብር ዓመቱ ኤፕሪል 5 ከተዘጋ በኋላም ተመላሹን እስከ 4 ዓመት መጠየቅ ይቻላል።