አትላንቲክን ከጠረጴዛ ላይ ለማቋረጥ፦ ለእህቴ ልጅ

ልጄ፣ በትንሽ አውሮፕላን አትላንቲክን በኮምፒውተርሽ ልታቋርጪ እንደተነሣሽ እናትሽ ነገረችኝ። «ጨዋታ ይዛለች» ነው ያለችኝ። እኔ ግን ዕድሜዬን የበረራ ዕቅድና የነዳጅ ስሌት ሳዘጋጅ የኖርኩ ሰው ነኝና ነገሩን በጨዋታ ዓይን ማየት አልሆነልኝም። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የእኔም ማምሻ ይኸው ሲሙሌተር ነው። የምልሽን ስሚኝ፤ የሚበጅሽን ያዢ፣ የቀረውን ተዪው። ዓመቶቹን የጻፍኩት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

1. መጀመሪያ መንገዱን ምረጪ፣ አውሮፕላኑን ከዚያ በኋላ።

ከኒውፋውንድላንድ ተነሥቶ በቀጥታ አየርላንድ መግባት ያምራል። አብራሪዎቹ አልኮክና ብራውን በ1919 ዓ.ም. ከሴንት ጆንስ ተነሥተው በ16 ሰዓት ገደማ ያደረጉት ነው። ነገር ግን እነሱ የያዙት ቪከርስ ቪሚ ባለ ሁለት ሞተር የጦር አውሮፕላን ነበር፣ ሆዱም በነዳጅ የተሞላ። አብራሪው ሊንድበርግ በ1927 ከኒውዮርክ ፓሪስ ሲገባ የጫነው ነዳጅ 1,700 ሊትር ገደማ ነው፤ ታንኩን ፊቱ ላይ ስለደቀነው ወደፊት የሚያይበት መስኮት እንኳ አልነበረውም።

አንቺ የትንንሾቹን መንገድ ያዢ። ከካናዳ ላብራዶር፣ ከጉስ ቤይ ተነሥተሽ ደቡብ ግሪንላንድ ናርሳርሱዋክ ትገቢያለሽ፤ ከዚያ ሬይካቪክ፣ ከዚያ ስኮትላንድ ዊክ። ሦስቱም እርከኖች ከ640 እስከ 680 ኖቲካል ማይል ናቸው። አዲስ የተሸጠ ትንሽ አውሮፕላን ለባለቤቱ የሚያደርሱ አብራሪዎች የለመዱት መንገድ ነው።

ሴስና 172 ትወጃለሽ፣ አውቃለሁ። እስቲ አስዪው፦ የሚጠቅም ነዳጁ 53 ጋሎን፣ ፍጥነቱ 120 ኖት (በሰዓት 120 ኖቲካል ማይል)፣ ፍጆታው በሰዓት 9 ጋሎን ገደማ። ናርሳርሱዋክ 675 ማይል ነው። ነፋስ ባይኖር እንኳ ስትደርሺ ታንኩ ውስጥ የሚቀረው ግማሽ ጀሪካን ነው። ይህ መጠባበቂያ አይባልም። ቢችክራፍት ቦናንዛውን ውሰጂ፤ 74 ጋሎን ይይዛል፣ 160 ኖት ይሄዳል።

2. በአንድ ሰዓት ብቻ ኑሪ፣ እሱም ዙሉ፣ የዓለም አቀፉ (UTC) ሰዓት ነው።

እኛ ቀኑን ከጠዋት 12 የምንቆጥር ሰዎች ለዚህ ስሕተት ከማንም ይልቅ ቅርብ ነን። አዲስ አበባ ላይ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ስንል በዙሉ 06:00 ነው። ግሪንላንድ ደግሞ ያን ጊዜ ገና ሌሊት ነው። በክረምት ደቡብ ግሪንላንድ ላይ ቀኑ እጅግ አጭር ነውና መጀመሪያ የናርሳርሱዋክን ፀሐይ መግቢያ በዙሉ ጻፊ፣ ከዚያ ወደኋላ እየቆጠርሽ መነሻሽን ቁረጪ። በጨለማ የሚገባበት ቦታ አይደለም፤ ለምን እንደሆነ ወደታች እነግርሻለሁ።

3. ከመነሣትሽ በፊት ሁለት ነጥቦች ካርታው ላይ ምልክት አድርጊ።

ከምክሬ ሁሉ የትኛውን ብቻ ልያዝ ብለሽ ብትጠይቂኝ ይኸኛውን ነው የምልሽ። ውቅያኖስ ላይ አብራሪው የሚፈተነው በእጁ ሳይሆን በውሳኔው ነው። ውሳኔው ደግሞ ወረቀት ላይ አስቀድሞ ካልተሠራ አየር ላይ አይሠራም።

የመጀመሪያው የእኩል ጊዜ ነጥብ ነው፤ ሞተሩ ቢያስቸግርሽ ወደፊት መሄድና መመለስ እኩል ጊዜ የሚፈጅበት ቦታ። ሰው ሁሉ ግማሽ መንገድ ላይ ይመስለዋል። አይደለም። ከኋላሽ 20 ኖት ነፋስ አለ እንበል፤ ስትሄጂ 180 ኖት፣ ስትመለሺ 140 ኖት ነው። 675ን በ140 አባዢ፣ ለ320 አካፍዪ፤ 295 ይመጣል። 295 ማይል ካለፍሽ በኋላ ናርሳርሱዋክ ካርታ ላይ ሩቅ ብትመስልም በሰዓት ግን ከጉስ ቤይ ይልቅ ቅርብሽ እሷ ናት። ብዙ ሰው በድንጋጤ ወደኋላ ዞሮ በነፋሱ ላይ ነዳጁን የሚጨርሰው ይህን ቁጥር በእጁ ስላልያዘ ነው።

ሁለተኛው የማይመለሱበት ነጥብ ነው። ቦናንዛው በሰዓት 14 ጋሎን ቢፈጅ 74ቱ ጋሎን 5 ሰዓት ከሩብ ያህል ያበርርሻል። አንድ ሰዓቱን ለመጠባበቂያ አንሺው፤ የቀረውን 4.28 ሰዓት በ180ና በ140 አባዢው፣ ለ320 አካፍዪው። 337 ማይል ነው። ከዚህ ወዲያ መጠባበቂያሽን ሳትነኪ ጉስ ቤይ መመለስ የለም። ስለዚህ 337 ከመድረስሽ በፊት የናርሳርሱዋክን አየር መጠየቅ አለብሽ። ደመናው ወርዶ ከሆነ እዚያው ዞረሽ ትመለሻለሽ። «ትንሽ ልየው» የሚባል ነገር የለም።

ነፋሱ ከተባለው ከተለወጠ ቁጥሮቹም ይለወጣሉ። በየግማሽ ሰዓቱ የመሬት ፍጥነትሽን እያየሽ እንደገና አስዪ። እርሳስና ወረቀት ያዢ፤ ስክሪኑ ላይ ያለውን ማስሊያ አትክፈቺብኝ።

4. ኮምፓሱን አትመኚው።

አዲስ አበባ ላይ የኮምፓስ ሰሜንና የካርታ ሰሜን ልዩነታቸው ጥቂት ዲግሪ ነው፤ እኛ አገር የተማረ ሰው ልብም አይለው። ላብራዶር ባሕር ላይ ግን ከ15 ዲግሪ በላይ ወደ ምዕራብ ያዘነብላል። በዚያ ላይ ምድር ክብ ናትና አጭሩ መንገድ ካርታው ላይ ይጎብጣል፦ ስትነሺ በእውነተኛው ሰሜን 40 ዲግሪ ገደማ የነበረው አቅጣጫ ስትደርሺ ከ50 ያልፋል። አንዲት ዲግሪ ብትስቺ በየ60 ማይሉ አንድ ማይል ከመንገድ ትወጫለሽ። አምስት ዲግሪ ስተሽ 675 ማይል ብትሄጂ 56 ማይል ወጣሽ ማለት ነው። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚሉት አባቶቻችን ይህን ባሕር ባያዩትም ነገሩን ያውቁታል።

ጂፒኤሱ አለልሽ፤ አጥፊው አልልሽም። ግን የት እንዳለሽ መጀመሪያ በእጅሽ ገምቺ፣ ከዚያ ጂፒኤሱን እዪና አስተያዪ። አብራሪዋ አሚሊያ ኤርሃርት በ1937 ዓለምን ስትዞር በሰኔ ወር ምጽዋንና አሰብን ነክታ ነው ያለፈችው፤ እኛ ሰፈር ድረስ መጥታለች ለማለት ያህል ነው። በሐምሌ 2 ቀን ከኒው ጊኒ ላይ ተነሥታ የፈለገቻት ሃውላንድ ደሴት ርዝመቷ ሦስት ኪሎ ሜትር አይሞላም። የምትጠብቃት መርከብ ድምፅዋን አጥርታ ሰምታለች። እሷና መንገድ መሪዋ ፍሬድ ኑናን ግን ደሴቷን አላገኟትም፤ እስከ ዛሬም አልተገኙም።

5. ጊዜውን አታፋጥኚው።

ሲሙሌተሩ በአራት እጥፍ፣ በስምንት እጥፍ እንዲሮጥ የሚያደርግ ቁልፍ አለው። አትንኪው። አንደኛ፣ ሲፈጥን አውቶፓይለቱ መወዛወዝ ይጀምራል። ሁለተኛ፣ የመጣሽበትን ነገር ራሱን ዘለልሽው ማለት ነው። ከጉስ ቤይ ናርሳርሱዋክ አራት ሰዓት ገደማ ነው። ሊንድበርግ 33 ሰዓት ተኩል በረረ፣ ያውም በዋዜማው ሌሊት ሳይተኛ። አራት ሰዓት አንድ ቦታ መቀመጥ ያቃተው ሰው ውቅያኖስ አቋረጥኩ ባይል ይሻለዋል።

ሥራ ደግሞ አታጪም። ቦናንዛው ግራና ቀኝ ታንክ አለው፤ መምረጫውን በየግማሽ ሰዓቱ ካላዞርሽ አንዱ ክንፍ ቀልሎ ሌላው ይከብዳል፣ አውሮፕላኑም ወደ ከባዱ ይጋደላል። ስታዞሪ ሰዓቱን ጻፊ፣ የሁለቱን ታንክ መጠን ጻፊ፣ ከውጭ ያለውን ሙቀት ጻፊ። ከሁለተኛው ሰዓት በኋላ ከፊት ያለው ግራጫ፣ ከታች ያለው ግራጫ ነው፤ ያን ጊዜ ስልክሽ ላይ እጅሽ ይሄዳል። ስልኩን ለእናትሽ ስጪያት።

6. በረዶ።

የአየሩን ሁኔታ ከእውነተኛው ጋር አገናኚው፤ ጥርት ያለ ሰማይ መርጠሽ መብረር ትምህርት የለውም። ሙቀቱ ከዜሮ በታች ወርዶ ደመና ውስጥ ከገባሽ መስታወቱ ጠርዝ ላይ ነጭ ነገር ይይዛል። ቀጥሎ ፍጥነትሽ ሳትነኪው ይቀንሳል። የፍጥነት መለኪያውን ማሞቂያ ደመና ከመግባትሽ በፊት አብሪ፣ ከገባሽ በኋላ አይደለም። ክንፉን የሚያራግፍልሽ ነገር የለምና መውጫሽ ወደታች ወደ ሞቃቱ አየር ወይም ወደኋላ ነው። ካልጠረጠሩ ይመነጠራሉ። ኬንያ ያደገችው ቤሪል ማርክሃም በ1936 ከእንግሊዝ ወደ ምዕራብ ብቻዋን አቋርጣ፣ የነዳጅ ታንኩ መተንፈሻ በበረዶ ተደፍኖባት፣ ካናዳ ኬፕ ብሬተን ረግረግ ላይ በአውሮፕላኗ አፍንጫ ተተክላ ነው ያረፈችው። ኒውዮርክ ነበር ሐሳቧ።

7. መብራት ይጠፋል።

ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን በባትሪ የሚያቆየው ዕቃ) ከሌለሽ ከጎረቤት ተዋሺ። በመሃል የተቀመጠ በረራ ሲከፈት ሁልጊዜ እንደነበረ አይመለስምና አትተማመኚበት። ከጠፋም ከጉስ ቤይ እንደገና ጀምሪ። የኢንተርኔት ነገር አያሳስብሽ፤ የሚበላው የከተማና የተራራ ምስሉ ነው፣ ባሕሩ ላይ የሚወርድ ነገር ጥቂት ነው።

8. ሬዲዮው ዝም ሲል አትደንግጪ።

የተለመደው ሬዲዮ በቀጥታ መስመር ነው የሚሄደው። 9,000 ጫማ ላይ ሆነሽ የሚሰማሽ እስከ 115 ማይል ገደማ ነው። በመሃል ማንም የለም። እውነተኞቹ አብራሪዎች ረጅም ርቀት የሚሄደውን ኤችኤፍ ይይዛሉ፣ ወይም ከላይ ለሚያልፍ ትልቅ አውሮፕላን መልእክት ያቀብላሉ። አንቺ ከፈለግሽ ቫትሲም ግቢ፤ በጎ ፈቃደኞች እንደ ተቆጣጣሪ ሆነው የሚሠሩበት፣ ክፍያ የሌለው መረብ ነው። እዚያ ሰው ቦታሽን ሲጠይቅሽ ስሌትሽ ይጠራል። እንግሊዝኛሽም ያተርፋል፣ ለእናትሽ ይህን ንገሪያት።

9. መድረሻውን አስቀድመሽ ልመጂው።

ናርሳርሱዋክ በ1941 አሜሪካኖች ለጦርነቱ የሠሩት አውሮፕላን ማረፊያ ነው። አንድ ማኮብኮቢያ አለው፣ 1,800 ሜትር ገደማ። ያለው ግን ረጅም ፊዮርድ (በተራሮች መካከል ወደ የብስ የገባ የባሕር ክንድ) ጫፍ ላይ ነው፤ ግራና ቀኝ ተራራ፣ በስተ ምሥራቅ ግግር በረዶ። ደመናው ዝቅ ሲል ከባሕሩ ተነሥተሽ በውሃው ላይ በተራሮቹ መካከል መግባት ይኖርብሻል። እዚያ አካባቢ ሌላም ፊዮርድ አለ፤ የተሳሳተው ውስጥ ከገባሽ ጫፉ ላይ ማኮብኮቢያ አይጠብቅሽም፣ አውሮፕላኑን ለማዞርም ስፋት ላይኖርሽ ይችላል። ከግግሩ ላይ የሚወርደው ነፋስ ደግሞ ድንገተኛና ብርቱ ነው።

ስለዚህ ከጉስ ቤይ ከመነሣትሽ በፊት፣ በሌላ ቀን፣ አውሮፕላኑን ፊዮርዱ አፍ ላይ አስቀምጪና ግቢ። ደጋግመሽ ግቢ። የተራሮቹን ቅርጽ ዓይንሽ እስኪለምደው። ከአራት ሰዓት በኋላ ደክሞሽ ስትደርሺ የሚያይልሽ ልማድሽ ነው። አልኮክና ብራውን ያን ሁሉ ውሃ ተሻግረው ክሊፍደን አጠገብ ሲያርፉ ከላይ ለምለም መስክ የመሰላቸው ረግረግ ሆኖ በአውሮፕላናቸው አፍንጫ ተተክለዋል። ደግነቱ አልተጎዱም።

10. ያልተሰጠሽን አውቀሽ ብረሪ።

ይህ ወንበር ብርድ የለውም። በእውነት የሚያቋርጡት ሰዎች ከአንገት በታች ውሃ የማያስገባ ልብስ ለብሰው ነው የሚቀመጡት፤ ላብራዶር ባሕር ውስጥ ያለዚያ ልብስ የወደቀ ሰው ብዙ ጊዜ የለውም። ካናዳም ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን ይዞ ወደ ውቅያኖስ የሚወጣን አብራሪ በመሣሪያ የመብረር ፈቃድ፣ ኤችኤፍ ሬዲዮና ከብርድ የሚከላከል መሣሪያ ሳይዝ እንዳይነሣ በሕግ ከልክላለች። አንቺ ከወደቅሽ ስክሪኑ ጠቁሮ «እንደገና ልጀምር?» ይልሻል። ፍርሃቱን ሲሙሌተሩ አይሰጥሽም፤ ደንቡን ግን ራስሽ ላይ መጣል ትችያለሽ። ታንኩን አየር ላይ በቁልፍ አትሙዪ፣ ከ337 ማይል በኋላ አየሩን በቁልፍ አትቀይሪ። ከወደቅሽ «ወደቅሁ» ብለሽ መዝገብሽ ላይ ጻፊ።

በይ እንግዲህ የመጀመሪያው እርከን ስሌት ከላይ አለልሽ። ከናርሳርሱዋክ ሬይካቪክ ያለው ግን የአንቺ ሥራ ነው፦ 672 ማይል፣ ገና ስትነሺ ግግሩን የሚያሻግር ከፍታ መውጣት አለብሽ፣ መውጣቱም ነዳጅ ይበላል። የዕለቱን ነፋስ ወስደሽ ሁለቱን ነጥቦች አስዪና ላኪልኝ። ቁጥሩን ሳላየው እንዳትነሺ።