ግብጦ ለደከመ መሬት፤ ጥቅሙና ወጪው

አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ መሬት ራቁቱን ሲቀር አፈሩ በጎርፍና በነፋስ ይወሰዳል። ስለዚህ ማሳን የሚያለብስ ተክል መዝራት ይመከራል። ምክሩ እውነት ነው። ነገር ግን በደጋውና በወይና ደጋው አገራችን ከመኸር በኋላ ከብት በልቅ ስለሚሰማራ፥ ለአፈር ተብሎ የተዘራው ሁሉ የጎረቤት በሬ ቀለብ ይሆናል። አጥርና ጠባቂም ገንዘብ ይፈልጋሉ።

የምዕራብ ጎጃምና የአዊ ገበሬዎች ግን በደከመና በኮመጠጠ መሬታቸው ላይ ግብጦ ይዘራሉ። ተክሉ መራራ ስለ ሆነ ከብት አይደፍረውም፤ ደጋግሞ ማረስንም አይፈልግም። በሥሩ ላይ የሚታዩት ትናንሽ እባጮች ናይትሮጅንን ከአየር ይወስዳሉ፤ እባጩ ሲሰነጠቅ ውስጡ ቀይ ከሆነ ሥራውን በመሥራት ላይ ነው።

ወጪው ግን እንዲህ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ከብቱን የከለከለው ምሬት ሰውንም ይከለክላል፤ ፍሬው ተቆልቶ፥ ውኃው እየተለወጠ ለብዙ ቀን ካልተዘፈዘፈ አይበላም። መሬቱ ጠባብ ለሆነ ቤተ ሰብ ግብጦ መዝራት ማለት ከእህሉ ማሳ መቀነስ ማለት ነው። ደግሞም ፍሬው ተወቅቶ አገዳው ለማገዶ ከሄደ፥ ለመሬቱ የሚተርፈው ሥሩና የረገፈው ቅጠል ብቻ ነው። ዋና አሳቡ አፈሩን ማዳን የሆነ ገበሬ ከማሳው አንድ ጥማድ ያህል ለይቶ፥ ግብጦው አበባ ሲይዝ በእርጥቡ ቢገለብጠው ይሻለዋል።