የጉሎ ዘይት ለገላና ለጠጕር፤ አጨማመቁ፣ አያያዙና ንግዱ

ጉሎ በአገራችን በአጥር ሥርና በጓሮ ዳር ራሱን ችሎ በቅሎ የሚታይ ተክል ነው። የተክል ሊቃውንት የመጀመሪያ መገኛው ኢትዮጵያን የሚጨምረው የምሥራቅ አፍሪቃ ክፍል እንደ ሆነ ይገምታሉ። ከጥንት ጀምሮ ባልቴቶች ምጣድ ሲያሰሱበት፣ ባለሙያዎችም ቆዳ ሲያለፉበት ኖረዋል። ዛሬ ደግሞ ዘይቱ የገላና የጠጕር ቅባት ሆኖ በትንንሽ ጠርሙስ ይሸጣል። ፍሬውን በጆንያ ከመሸጥ ይልቅ ዘይቱን በጠርሙስ መሸጥ የተሻለ ዋጋ ስለሚያወጣ፣ ወደዚህ ሥራ ለመግባት የሚያስብ ሰው ብዙ ነው። ሥራው ትርፍ ቢኖረውም፣ ሳያውቁ የገቡበት እንደ ሆነ ደንበኛን የሚያስከፋ፣ ከብትንም የሚገድል ጉዳት አለበት። ስለዚህ አምራቹም ነጋዴውም ሊያውቁት የሚገባው ነገር ከዚህ ቀጥሎ ተገልጿል።

የዘይቱ ጠባይ

ከ100 ኪሎ ግራም የጉሎ ፍሬ ውስጥ ከ45 እስከ 50 ኪሎ ግራም ያህሉ ዘይት ነው፤ ነገር ግን መጭመቂያው ሁሉንም ስለማያወጣው ከፊሉ በፋጉሎው ውስጥ ይቀራል። ይህን ዘይት ከሌሎች የሚለየው ሪሲኖሌይክ የተባለው አሲድ ሲሆን፣ እርሱም ከጠቅላላው የስብ አሲድ ከመቶ 85 እስከ 90 እጅ ይሆናል። የዘይቱ ውፍረት የሚመጣው ከዚህ ነው። ክብደቱም ይለያል፤ አንድ ሊትር የኑግ ወይም የሰሊጥ ዘይት 920 ግራም ገደማ ሲመዝን፣ የጉሎው 960 ግራም ያህል ይመዝናል። በኪሎ ገዝቶ በሊትር የሚሸጥ ነጋዴ ይህን ልዩነት በሒሳቡ ውስጥ ሊያገባው ይገባል።

ሌላ ዘይት የተቀላቀለበት መሆኑን ለመለየት ቀላል መንገድ አለ። ጥቂት ዘይት ብዙ እጥፍ በሆነ 96 ዲግሪ ንጹሕ አልኮል ውስጥ ተጨምሮ ሲናጥ፣ ንጹሕ የጉሎ ዘይት ሟሙቶ ጥርት ያለ ሆኖ ይታያል። የኑግና የሰሊጥ ዘይት ግን ይደፈርሳል፤ ቈይቶም ከሥር ይዘቅጣል። ይህ ሙከራ ከእሳት ርቆ መደረግ አለበት።

ስለ መርዙ

በፍሬው ውስጥ ሪሲን የሚባል ብርቱ መርዝ ይገኛል። ሪሲን በዘይት ስለማይሟሟ፣ በሚገባ ተጣርቶ በወጣው ዘይት ውስጥ አይኖርም፤ በፋጉሎው ውስጥ ግን ይቀራል። ከፍ ያለ ሙቀት መርዙን ስለሚያጠፋው፣ የተጨመቀው ዘይት ከውሃ ጋር ተፍልቶ፣ አረፋውና አተላው ተወግዶ፣ ውሃው ፈጽሞ እስኪለቀው ድረስ ደርቆ ሊጣራ ይገባል።

ትልቁ አደጋ ያለው ከዚህ በኋላ ነው። የኑግ ፋጉሎ ለከብት የተወደደ መኖ መሆኑ የታወቀ ነው። የጉሎውም ፋጉሎ በመልኩ እምብዛም ስለማይለይ፣ በአንድ መጋዘን ጐን ለጐን የተከመረ ጆንያ ቢሳሳት የአንድ ገበሬ የወተት ላሞች ሊያልቁ ይችላሉ። ስለዚህ የጉሎው ጆንያ በጉልህ ቀለም ምልክት ተደርጎበት ለብቻው ይቀመጥ፤ ለእርሻ ማዳበሪያ እንጂ ለመኖ አይሸጥ። ጉሎ የተጨመቀበት መኪናም ለምግብ ዘይት ሊውል አይገባውም። ፍሬውም መልኩ ሕፃናትን ስለሚስብ፣ ከልጆች እጅ መራቅ አለበት።

ለገላና ለጠጕር የሚሰጠው ጥቅም

ዘይት ለገላ ውሃ አይጨምርም፤ ያለው ውሃ በቶሎ ተንኖ እንዳይጠፋ ይከለክላል እንጂ። ስለዚህ ከታጠቡ በኋላ ገላው ገና እርጥብ ሳለ መቀባት ይበልጥ ይጠቅማል። ከራስ ቅል ውጭ የሚታየው ጠጕር ሕይወት ስለሌለው፣ ዘይቱ አይመግበውም፤ ነገር ግን እያንዳንዱን ዘለላ ሸፍኖ መፋተግንና መሰባበርን ይቀንሳል። የጉሎ ዘይት ጠጕርን ያበቅላል የሚባለው ግን በበቂ ምርመራ አልተረጋገጠም።

ብቻውን ሲቀቡት እጅግ ወፍራም በመሆኑ ጠጕር ሊያያይዝና ሊያጠላልፍ ስለሚችል፣ አንድ እጅ የጉሎ ዘይት ከሁለት ወይም ከሦስት እጅ የሰሊጥ ዘይት ጋር ማደባለቅ ይሻላል። የሰሊጥ ምግብ የማይስማማው ሰው ግን ከዚህ ድብልቅ ይጠንቀቅ። ማንኛውም አዲስ ቅባት አስቀድሞ በክንድ ውስጠኛ ክፍል በጥቂቱ ተቀብቶ አንድ ወይም ሁለት ቀን ሊጠበቅ ይገባል። ለቅባት የተዘጋጀ የጉሎ ዘይት አይጠጣም፤ ሆድን በብርቱ የሚያስቀምጥ ከመሆኑም በላይ ለነፍሰ ጡር ሴት አደገኛ ነው።

ስለ አያያዝና ስለ ሽያጭ

ዘይትን የሚያበላሹት አየር፣ ብርሃን፣ ሙቀትና ውሃ ናቸው። የኑግ ዘይት ሊኖሌይክ አሲድ ስለሚበዛበት ለገላ ተስማሚ ቢሆንም ቶሎ ይሻግታል፤ የሰሊጥ ዘይት ደግሞ ከፍሬው ጋር የተፈጠሩ ጠባቂ ንጥረ ነገሮች ስላሉት ይቈያል። ሁሉም ቢሆኑ በደረቅና በጥቁር ጠርሙስ እስከ አፉ ተሞልተው፣ በቀዝቃዛ ስፍራ መቀመጥ አለባቸው።

በጠርሙሱ ላይ የዘይቱ ስምና መጠን፣ የተጨመቀበት ቀን፣ የአምራቹ ስምና የምርቱ ተራ ቍጥር ይጻፍ። በኤውሮፓ ኅብረት አገሮች ከሐምሌ 2005 ዓ.ም. ጀምሮ ሙሉ በሙሉ የሚሠራበት 1223/2009 የተባለው ደንብ፣ ማንኛውም የገላና የጠጕር ቅባት በዚያ ከመሸጡ በፊት በባለሙያ የተደረገ የደኅንነት ምርመራ እንዲኖረውና በኅብረቱ ውስጥ ኀላፊነት የሚወስድ ተጠሪ እንዲኖርለት ያዛል። የውጭ ገበያ የሚያስብ ነጋዴ ይህን ወጪ አስቀድሞ ማስላት አለበት።

ከሁሉም በላይ ነጋዴው የማይፈጽመውን ተስፋ በጠርሙስ ላይ አይለጥፍ። ጠጕር ያበቅላል ተብሎ የተሸጠ ዘይት አንድ ጊዜ ይገዛል፤ ጠጕር ያለሰልሳል፣ የገላን ድርቀት ይከላከላል ተብሎ በእውነት የተሸጠው ግን ደንበኛውን መልሶ ያመጣል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንደ ተባለ፣ በደንብ የረጋ ዘይትም እንደዚሁ ነው።