የአልጌ ናይስ ዕድሜ፦ የዚርኮን ማስረጃ ከነገሌ ቦረናና ከአካባቢው

በአዶላና በነገሌ ቦረና መካከል በስፋት የሚታየው የአልጌ ናይስ ለረጅም ጊዜ ከአገራችን እጅግ አሮጌ ዐለቶች አንዱ ተደርጎ ሲቆጠር ቆይቷል። ካዝሚን በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ባቀረበው አመዳደብ የኢትዮጵያ ቅድመ ካምብሪያን ዐለቶች የታችኛው፣ የመካከለኛውና የላይኛው ውስብስብ ተብለው በሦስት ተከፈሉ። ከፍተኛ ሜታሞርፊዝም የደረሰባቸው ናይሶች በታችኛው ውስጥ ገቡ፤ ዕድሜያቸውም አርኬያን፣ ማለትም ከ2.5 ቢሊዮን ዓመት በላይ እንደሆነ ተገመተ። ግምቱ በልኬት ሳይሆን በመልክ ላይ የቆመ ነበር፤ ብዙ የታጠፈና የጋለ ዐለት ብዙ የኖረ ይመስላልና።

ይህን ለመፈተን ዚርኮን እጅግ ተስማሚ ማዕድን ነው። ከቅልጥ ዐለት ሲረጋ ዩራኒየምን በመዋቅሩ ውስጥ ይቀበላል፤ እርሳስን ግን ከሞላ ጎደል አያስገባም። ስለዚህ ዛሬ በውስጡ የምናገኘው እርሳስ በአብዛኛው ከዩራኒየም መፈራረስ የመጣ ነው። ዩራኒየም-238 በ4.47 ቢሊዮን ዓመት ግማሽ ዕድሜ ወደ እርሳስ-206፣ ዩራኒየም-235 ደግሞ በ704 ሚሊዮን ዓመት ግማሽ ዕድሜ ወደ እርሳስ-207 ይለወጣል። ሁለቱ ሰዓቶች አንድ ዕድሜ ሲሰጡ ውጤቱ ይታመናል፤ ሲለያዩ እርሳስ አምልጧል ወይም የተለያየ ዕድሜ ያላቸው ክፍሎች ተደባልቀዋል ብለን እንጠረጥራለን።

ልኬቱ ሲመጣ አርኬያን አልተገኘም። ተክላይና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጡት ጥናት በነገሌ አካባቢ የሚገኘው የቡልቡል ዳዮራይት ናይስ 876 ± 5፣ የሞያሌ ግራኖዳዮራይት ደግሞ 666 ± 5 ሚሊዮን ዓመት ሆኗል። ይባስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2002 የደቡብ ኢትዮጵያን ግራናይታዊ ዐለቶች ከ880 እስከ 526 ሚሊዮን ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ አስቀምጠዋል። አልጌ ናይስ ራሱ 720 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። እንግዲህ ኒዮፕሮቴሮዞይክ ነው፤ ከቡልቡሉ ዳዮራይትም በ150 ሚሊዮን ዓመት ያህል ያንሳል። የሜታሞርፊዝም ደረጃ የጥልቀትና የሙቀት መለኪያ እንጂ የዕድሜ መለኪያ አይደለም፤ ሆኖም ናይስን ያለ ልኬት «አሮጌው መሠረት» ብሎ የመጥራት ልማድ ዛሬም አልጠፋም።

ቁጥሮቹን ስንጠቀም ግን ሁለት ነገሮችን መለየት ይገባል። የመጀመሪያው የአለካኩ ዘዴ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998ቱ ጥናት የተሠራበት የነጠላ ዚርኮን ትነት የእርሳስ-207ንና የእርሳስ-206ን ምጣኔ ብቻ ስለሚሰጥ የሁለቱን ሰዓቶች ስምምነት በቀጥታ አያሳይም። የአዮን ጨረር መሣሪያ በአንጻሩ ከ20 እስከ 30 ማይክሮን ስፋት ያለውን ነጥብ ለይቶ ይለካል። ሁለተኛውና ይበልጥ የሚዘነጋው ደግሞ የዕድሜው ትርጉም ነው። 720 ሚሊዮን ዓመት ግራናይቱ ከቅልጥ የረጋበት ጊዜ እንጂ ወደ ናይስ የተለወጠበት አይደለም። ዚርኮን በ900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ እንኳ እርሳሱን አጥብቆ ስለሚይዝ የእምብርቱ ሰዓት በሜታሞርፊዝሙ አልተነካም። የለውጡን ጊዜ የሚነግረን በእምብርቱ ዙሪያ የበቀለው ቀጭን ጠርዝ ነው፤ እርሱም በካቶዶሉሚነሰንስ ምስል ይለያል። ከ0.1 በታች የሆነ የቶሪየምና የዩራኒየም ምጣኔ ጠርዙ ሜታሞርፊክ መሆኑን ይጠቁማል፤ ብቻውን ግን አይፈርድም።

ከደለል የመጣ ናይስ ላይ ጥንቃቄው ይብሳል። በውስጡ 2.5 ቢሊዮን ዓመት ያለው ቅንጣት ቢገኝ አሮጌ የሚሆነው ቅንጣቱ የተሸረሸረበት ምድር ነው፤ ደለሉ ከውስጡ ካለው ታናሽ ቅንጣት በፊት ሊከማች አይችልም። በሻኪሶና በአዶላ ወንዞች ወርቅ አጣቢዎች ከገበታቸው ሥር የሚቀረው ጥቁር አሸዋም፣ ዚርኮን ከባድ ማዕድን በመሆኑ፣ በዚሁ መንገድ ሊነበብ ይገባል፤ የሚናገረው ስለ ወንዙ ተፋሰስ እንጂ ስለ አንድ ዐለት አይደለም። ለአልጌ ናይስ የሚያስፈልገው ከራሱ ከዐለቱ የተቆረጠ ናሙና ነው፤ በከፊል ቀልጦ የረጋው ነጭ ሥርም ከዋናው አካል ተለይቶ መለካት አለበት።