አራት ጆንያ መዝኖ የመኪና ሙሉ ዋጋ መቁረጥ ይቻላል?

ዛሬ ዋጋ ብቻ ሳይሆን አጠር ያለች ትምህርትም ይዘናል። ርዕሷ “በናሙና አማካይ መላምትን መፈተሽ” ነው። ስሙ ይከብዳል እንጂ ነገሩ በየቀኑ ሚዛን ላይ የምንጨቃጨቅበት ነው።

ለትምህርቱ እንዲመቸን አንድ ምሳሌ እንያዝ። 200 ጆንያ ማሾ የጫነ መኪና ከአምባሰል፣ ከውጫሌ ተነስቶ በሐይቅ በኩል ወደ ደሴና ኮምቦልቻ ይወርዳል እንበል። አቅራቢው የገበሬዎች ማኅበር “እያንዳንዱ ጆንያ የተጣራ 100 ኪሎ ነው” ይላል። ገዢው ሐይቅ ላይ 4 ጆንያ አስወርዶ ሲመዝን አማካዩ 99.2 ኪሎ ይወጣል። “በየጆንያው 800 ግራም ጎድሏል፤ በ200 ጆንያ 160 ኪሎ ይቀነስልኝ” ይላል። ማኅበሩ ደግሞ “በአራት ጆንያ ሌባ ተባልን” ብሎ ይቀየማል። ማን ልክ ነው?

👉 መጀመሪያ ጥያቄውን እናስተካክል

ጆንያ ሁሉ እኩል አይሞላም። አንዱ 101 ሲመዝን ሌላው 98.5 ይሆናል። ስለዚህ “አማካዩ ከ100 አንሷል ወይ?” ብሎ መጠየቅ ብቻ አይበቃም። ትክክለኛው ጥያቄ “ጉድለቱ በአጋጣሚ ሊመጣ ከሚችለው በላይ ነው ወይ?” የሚለው ነው።

መነሻ መላምት፦ የ200ው ጆንያ አማካይ 100 ኪሎ ነው።
ተቃራኒ መላምት፦ አማካዩ ከ100 ኪሎ በታች ነው።

ሁለቱም ከመመዘን በፊት መያዝ አለባቸው። ውጤቱን አይቶ ጥያቄ መቀየር ማጭበርበር ነው።

👉 ሒሳቡ

ጆንያዎቹ እርስ በርስ የሚራራቁበት ልክ (ስታንዳርድ ዲቪዬሽን) 1.2 ኪሎ ነው እንበል። ይህን ለናሙናው ብዛት ስኩዌር ሩት እናካፍላለን። የሚወጣው “ስታንዳርድ ኤረር” ይባላል። አማካዩ በአጋጣሚ ብቻ ምን ያህል ወዲያና ወዲህ እንደሚል ይነግረናል። ጉድለቱን ለዚህ ስናካፍል ደግሞ “ቲ” የሚባለውን ቁጥር እናገኛለን።

በ4 ጆንያ፦ 1.2 ÷ 2 = 0.6
ቲ = (99.2 − 100) ÷ 0.6 = −1.33
የሠንጠረዡ ወሰን በ5% = −2.35
ወሰኑን አላለፈም። ጎድሏል ለማለት ማስረጃው አይበቃም።

አሁን 16 ጆንያ ተመዝኖ አማካዩም መራራቁም ያው ቢወጣስ?

በ16 ጆንያ፦ 1.2 ÷ 4 = 0.3
ቲ = (99.2 − 100) ÷ 0.3 = −2.67
የሠንጠረዡ ወሰን በ5% = −1.75
ወሰኑን አልፏል። መነሻው መላምት ይወድቃል፤ ጉድለት አለ።

ልብ በሉ! አማካዩ ያው 99.2 ነው፤ ፍርዱ ግን ተለወጠ። የለወጠው የናሙናው ብዛት ነው።

👉 ሦስት ጥንቃቄዎች

1. 5% ማለት ጆንያዎቹ በእውነት 100 ኪሎ ሆነው ሳለ ከ100 ጊዜ 5 ጊዜ ያህል ያለጥፋት ልንወቅስ እንችላለን ማለት ነው። በሌላ በኩል በ4ቱ ጆንያ “ማስረጃ አልበቃም” ማለት “ሙሉ ነው” ማለት አይደለም። ገዢም ሻጭም ይህን አይርሱ።

2. ጉድለት መኖሩ ተረጋገጠ ማለት 160 ኪሎው ተረጋገጠ ማለት አይደለም። በ16ቱ ናሙና፣ በ95% መተማመን፣ አማካዩ ከ98.56 እስከ 99.84 ኪሎ ሊሆን ይችላል። በ200 ጆንያ ሲባዛ ጉድለቱ ከ32 እስከ 288 ኪሎ ነው። ስለዚህ ፈተናው “ሁሉም ይመዘን” የሚያሰኝ እንጂ ሒሳብ የሚዘጋ አይደለም።

3. ናሙናው በዕጣ ይውጣ፤ ከላይም፣ ከመሐልም፣ ከታችም። ከመኪናው በር ላይ ብቻ የወረደ ጆንያ ለ200ው አይመሰክርም። የባዶ ጆንያው ክብደት ይቀነስ፤ ሚዛኑም አስቀድሞ ይፈተሽ። ሚዛኑ ራሱ ግማሽ ኪሎ ከበላ የትኛውም ቀመር አያድናችሁም።

ይህን የትንሽ ናሙና ዘዴ ያወጣው ዊልያም ጎሴት ይባላል። ደብሊን ውስጥ በጊነስ ቢራ ፋብሪካ ይሠራ ነበር። ገብስና ቢራ ሲፈትሽ በእጁ የሚገቡት ናሙናዎች ጥቂት ስለነበሩ ለእነሱ የሚሆን ስሌት ፈለገ። በ1908 እ.ኤ.አ. “ስቱደንት” በሚል የብዕር ስም አሳተመው። ማለትም ዘዴው መጀመሪያውኑ የተወለደው ከእህል ሥራ ነው።

ዩኒየኖችና ላኪዎች፣ ስንት ጆንያ እንደሚመዘን፣ እንዴት እንደሚመረጥና ወሰኑ ስንት እንደሆነ መኪናው ሳይጫን በውላችሁ ላይ ጻፉት። አሥር ጊዜ ለካ፣ አንዴ ቁረጥ የሚባለው ለጨርቅ ብቻ አይደለም፤ ለዋጋም ነው።

መልካም ገበያ!